ከምሳ የተረፈ ግስ

እኔና ባለቤቴ አብረን ያደረግነው የመጨረሻ ነገር ሽሮ መብላት ነው። የሚያኮራ ሽሮ አልነበረም። ጨው በዝቶበት ነበር፤ እሱም እንደ ልማዱ ምንም ሳይል ውሃ ደጋገመ። ከተጋባን ጀምሮ «ጨው በዛ» ብሎኝ አያውቅም፤ ውሃ ሲደጋግም ግን እኔ አውቀዋለሁ። የቆቦ ፀሐይ ግቢውን ለብቻዋ ይዛዋለች፤ እኛ በረንዳው ላይ፣ ግድግዳው ጥግ በቀረችው ጥላ ተጠጋግተን ተቀምጠናል።

ከፊታችን የወርቄ ድመት አለች። ወርቄ ጎረቤቴ ናት፤ ግቢያችንን የሚለየው አጥር ለድመቷ አጥር ሆኖ አያውቅም። ይቺ ድመት አትጮህም፣ እግር ላይ አትሻሽም፣ ወደ ትሪው አትጠጋም። ዝም ብላ ትቀመጥና እጃችን ከትሪው ወደ አፋችን ሲሄድ በዓይኗ እየሸኘች ትመልሰዋለች።

«ይቺ ድመት ምን እያደረገች እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«ሽሮዬን እየናቀች ነዋ።»

«ግሮውክ እያደረገች ነው።»

ባለቤቴ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ቆቦ ውስጥ እንግሊዝኛ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው። ከተማው በሙሉ «ቲቸር» ነው የሚለው። እኔም ትንንሽ ልጆችን አማርኛ ሳስተምር ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት፤ ነገር ግን ቲቸር የሚባለው እሱ ብቻ ነው፣ እኔ የቲቸር ሚስት ነኝ። ሌላው ባል ከገበያ ሲመለስ ሐብሐብ ይዞ ይገባል፤ የእኔ ባል ማንም የማይናገረው የእንግሊዝኛ ቃል ይዞ ይገባል። ሐብሐቡን ረስቶት።

«ግሮውክ ደግሞ ምንድን ነው? የሆድ ጩኸት ይመስላል።»

«ግስ ነው። ሰው ሲበላ ዝም ብሎ ትክ ብሎ ማየት። ስጡኝ ሳይሉ፣ ይሰጡኝ ይሆናል እያሉ። ብርቅ ቃል ነው፤ ብዙ እንግሊዞችም አያውቁትም።»

«እኛ መቋመጥ እንለዋለን፤ ብርቅም አይደለም።»

«መቋመጥማ ዓይንሽን ጨፍነሽም ትችያለሽ» አለ፤ አሁን ክፍል ገብቷል፣ ጣቱ ጠመኔ የያዘ መስሏል። «ይሄ ግን የሚበላ ሰው ይፈልጋል፣ የሚያይ ዓይን ይፈልጋል፣ ዝምታም ይፈልጋል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ግሮውክ አይባልም።»

«መነሻውስ?»

መነሻ መጠየቅ ደስ እንደሚለው ስለማውቅ ነው የጠየቅሁት። ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ ልብ በሉልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

«እሱን ከምሳ በኋላ እነግርሻለሁ፣ እሜት። አሁን ትንሽ ጋደም ልበል።»

ድመቷ የምታገኘውን አገኘች። እኔ ትሪውን አነሳሁ። እሱ በረንዳው ላይ ምንጣፉን አንጥፎ ጋደም አለ። ለአስር ሶላት ልቀሰቅሰው ስሄድ አልተነሳም። አላህ ጀነት ይስጠው። ይህን ከዚህ በላይ አላረዝመውም፤ የማወራችሁ ስለ ግሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀ ነው። ሰው መጣ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ሰው ሄደ። እኔ ኢዳዬን ይዤ ቤቴ ተቀመጥኩ። ባል የሞተባት ሴት ወዲያ ወዲህ ሳትል የምትቀመጥበት ጊዜ ነው፤ ለማሰብ ይመቻል፣ ከልክ በላይ። እኔም ሳስብ ሳስብ አንድ ነገር ላይ ተጣበቅሁ። ቁርስ እበላለሁ። እራት እበላለሁ። ምሳ ግን አልበላም።

ምክንያቱን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፤ ሳቁ። ቲቸር «ከምሳ በኋላ እነግርሻለሁ» ብሎኛል። ሌላ ምሳ ከበላሁ ያ ምሳ አለፈ ማለት ነው። ያ ምሳ ካለፈ ደግሞ «ከምሳ በኋላ» የተባለው ሰዓት መጥቶ፣ ምንም ሳይነገረኝ ሄዷል ማለት ነው። ስለዚህ ምሳውን አላሳልፍም አልኩ። መነሻውን እስካውቅ ድረስ ያ ምሳ እንደቀረበ ይቆያል። ቂልነት መሆኑ አልጠፋኝም፤ ቂል መሆኔን ማወቄ ግን አንድ ጉርሻ እንኳ አላስዋጠኝም።

ወርቄ ያን ሁሉ ጊዜ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ሳህን ሸፍና ትመጣለች። ክርስቲያን ናት፤ ስለዚህ ሥጋ እንዳይገባበት ተጠንቅቃ ለእኔ ብላ የጾም ትሠራለች።

«የምስር ነው፤ ዘይት ብቻ ነው ያየው። ሰበብ የለሽም፣ ብዪ።»

«ቆይቼ እበላዋለሁ።»

«ትናንትም ቆይቼ ብለሽ ድመቴ ናት የበላችው። እያት፣ በሬ አክላለች። አንቺ ደግሞ ገመድ። ምን እየጠበቅሽ ነው?»

«ግስ።»

«ማነው እሱ? የቲቸር ዘመድ ነው?»

«አይ፣ ቃል ነው። የእንግሊዝኛ ቃል።»

ወርቄ እጇን ግንባሬ ላይ አድርጋ ትኩሳት እንደሌለኝ አረጋገጠች። ከዚያ ወዲያ ስትመጣ ጠበልም ይዛልኝ ልትመጣ ነበር፤ እስላም መሆኔ ትዝ ሲላት ከመንገድ ተመለሰች። ይህን ራሷ ናት የነገረችኝ።

ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ሞከርኩ። የቲቸርን ትልቁን መዝገበ ቃላት አውርጄ ገለጥኩ። የለም። ለካ ብርቅ ቃል ብርቅ የሚሆነው መዝገበ ቃላትም ስለማያገኘው ኖሯል። ኢዳዬን እንደጨረስኩ ወጣሁና ኮምፒውተር ቤት ሄድኩ። ወጣቱ ባለቤት በጆሮው ሽቦ ሰክቶ ተቀምጧል።

«ልጄ፣ የአንድ ቃል መነሻ ፈልግልኝ።»

«ኔትወርክ የለም እትዬ።»

«መቼ ይመጣል?»

«ሲመጣ።»

ስመለስ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ነጂ «ምን ጠፍቶዎት ነው?» አለኝና ነገርኩት። «ግሮውክ? ያውቁታል እኮ እትዬ፤ ከኋላ ጎማው ጋ ያለችው ዕቃ ናት። እዚህ አያገኟትም፣ ከአላማጣ ነው የምትመጣው» አለኝ። በጣም ስለተማመነ ልጠራጠረው አፈርኩ።

በመጨረሻ ዘሀራ ትዝ አለችኝ። ዘሀራ የቲቸር ተማሪ ነበረች፤ አሁን ዋጃ እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ለለቅሶ መጥታ ከሁሉም የበለጠ ያለቀሰችው እሷ ናት። እንዴት ቀድማ አልታወሰችኝም? በማግስቱ ሻሼን አሰርኩና ወደ መናኸሪያ ወረድኩ።

«ዋጃ! ዋጃ! የሞላ!» ይላል ረዳቱ። ሚኒባሱ ውስጥ ያለነው እኔና እግሯ የታሰረ አንዲት ዶሮ ነን።

«መቼ ነው የምንሄደው?»

«ሁለት ሰው ብቻ ነው የቀረን፣ እትዬ።»

ዶሮዋን ሰው ብለን ብንቆጥራት እንኳ ብዙ ይቀረን ነበር። ሙቀቱ ሲያፍነኝ ወርጄ ፊት ለፊት ካለው ምግብ ቤት ገባሁ። ለስላሳ አዘዝኩና ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ሰዓቱ ወደ ምሳ ተጠግቷል፤ ቤቱም እየሞላ ነው። አንድ የማይረባ ሐሳብ የመጣልኝ እዚያ ነው።

መነሻውን ባላውቅ ትርጉሙን አውቃለሁ። ለምን አልሞክረውም? የሚበላ ሰው አለ። ዓይን አለኝ። ዝምታም አያቅተኝም፣ ስንት ወር ተለማምጄዋለሁ። ቲቸር ሁልጊዜ «ቃል ካልሠሩበት አይታወቅም» ይል ነበር። እንግዲህ ልሥራበት።

በመጀመሪያ የመረጥኳቸው ሽንኩርት ሊሸጡ የመጡ ሁለት ገበሬዎችን ነው። ሽመላቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ትሪ ከፊታቸው ቀርቧል። ልክ እንደ ድመቷ ዝም ብዬ ዓይኔን ጣልኩባቸው። አንደኛው ገና እጁን ትሪው ላይ ሳያሳርፍ ቀና አለ።

«እንብላ፣ እናታችን!»

«ቢስሚላህ፣ ብሉ» አልኩ፤ ዝምታውም ተበላሸ። እንደገና ጀመርኩ። አሁንም ቀና አለ።

«ኧረ ይቅረቡ።»

«በልቻለሁ፣ ብሉ።»

«የት በሉ?»

«ቤቴ።»

«የቤቱማ የቤት ነው፤ ይሄ የመንገድ ነው» አለና ጉርሻ ጠቅልሎ ተነሳ። ጉርሻው የሕፃን ጭንቅላት ያክላል። አፌ ሊደርስ ሲል ምሳ እንደማልበላ ትዝ አለኝና ሻሼን ጎትቼ አፌ ላይ አደረግሁ።

«ጾም ነኝ!»

ሁለቱም ፊቴ ያለውን ለስላሳ ተመለከቱ። እኔም ተመለከትኩት። ግማሹ የለም።

ከዚያ በኋላ ፊቴን ወደ ሌላ ጠረጴዛ ማዞር ግድ ሆነብኝ። እዚያ አንዲት እናት ጡት የጣለች ሴት ልጇን ታጎርሳለች። ልጅ ምን ያውቃል ብዬ ዓይኔን ልጅቷ ላይ አሳረፍኩ። እናትየው አየችኝ። ቀስ ብላ ዞረች፣ በነጠላዋ ልጅቷን ጋረደች፣ «ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ» ማለት ጀመረች። በነጠላው ዳር አሻግራ ታየኛለች፤ እኔ አሁንም ትክ ብያለሁ፤ ደንግጬ ዓይኔን ማንሳት ጠፍቶኝ ነው። በመጨረሻ ከልጅቷ ሳህን ቆርሳ መጣች።

«እናቴ፣ ይቅመሱላት። ዓይን ይበላል እንዳይባል።»

አልቀምስም ብል ዓይኔ ክፉ ነው ብዬ በራሴ ላይ መሰከርኩ ማለት ነው። ቀመስኩላት። ፍርፋሪ ናት፤ ምሳ ልትባል አትችልም፣ እንደ መድኃኒት ቁጠሩልኝ። በዚህች አገር ግሮውክ ማድረግ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ወይ ይጋብዙሃል፣ ወይ ይፈሩሃል፤ መሃል ላይ ቆመው ዝም ብለው የሚተዉህ የሉም።

ይህን እያሰብኩ ሳላውቀው ዓይኔ ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ አርፏል። ሾፌሮች ናቸው፤ ጥብስ ቀርቦላቸው አማትበው ሊጀምሩ ነው።

«እንብላ እትዬ!» አለ ትልቁ፣ ከዚያ ሻሼን አየና እጁን አፉ ላይ አደረገ። «ውይ! ይቅርታ፣ የኛ ነው ለካ። አንቺ ልጅ! ለእትዬ ሽሮ ቶሎ በይ!»

«ኧረ ብሉ፣ አልፈልግም።»

«እርስዎ እያዩ እኛ እንብላ? በፍጹም!» እጃቸውን ከትሪው አነሱ። ሦስቱም እጃቸውን አየር ላይ እንደያዙ ሽሮዬን መጠበቅ ጀመሩ። ጥብሱ ይበርዳል። ገበሬዎቹም ማላመጥ አቁመው ዞሩ። እናትየዋ ነጠላዋን ገለጠች፤ ልጅቷ እንኳ አፏን ከፍታ ቀረች። ሽሮው እየተንተከተከ መጥቶ ፊቴ ተቀመጠ። ቤቱ ጸጥ አለ። ሁሉም ዝም ብሎ፣ ትክ ብሎ፣ አፌን ያያል።

የዚያን ጊዜ ነው የገባኝ። ግሮውክ እየተደረገብኝ ነው። እንግሊዙ የሚበላን ሰው የሚያየው ለራሱ እንዲደርሰው ነው፤ እነዚህ ደግሞ የማይበላን ሰው የሚያዩት እንዲበላላቸው ነው። ለዚህኛው ቃል ይኑር አይኑር ቲቸር ነበር የሚያውቀው።

የምግብ ቤቱ ባለቤት ከጓዳ ወጣች። አየችኝ፣ ቀረብ አለች፣ እጇን ደረቷ ላይ ጣለች።

«እንዴ! የቲቸር ሚስት አይደለሽም? እኔን አፈር ይብላኝ! ተርበሽ ነው እንዲህ ሰው አፍ አፍ የምታይው?»

«አልራበኝም፤ ቃል እየሞከርኩ ነው።»

«አይዞሽ፣ አብሽሪ» አለችኝ፣ እንደታመመ ሰው ትከሻዬን እያሻሸች። «ሀዘን ያደርጋል፣ እንዲህ ያናግራል።»

«ያስተማረኝ እኮ ነው!» አለ ከሾፌሮቹ አንዱ እያለቀሰ። ገበሬው ሽንኩርት በፌስታል ሞላልኝ። ሽሮው በፌስታል ተቋጠረ። የለስላሳውን አልቀበልም አሉኝ። ክብሬን ሜዳ ላይ ትቼ፣ ፌስታሌን አንጠልጥዬ ወደ ሚኒባሱ ሮጥኩ። በአላህ ተአምር ሞልቷል።

ሰው ብቻ ሳይሆን ወሬውም ቀድሞኝ ተሳፍሯል። ከኋላዬ አንዲት ሴት በስልክ ታንሾካሹካለች፤ የምታንሾካሹከው ሾፌሩም እንዲሰማ አድርጋ ነው። «አዎ፣ እሷው ናት… ርቧት… ሰው ሲበላ ቆማ እያየች አሉ…» አልቆምኩም፣ ተቀምጬ ነው ልላት አሰብኩና ተውኩት። አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ ምንም ሳይሉ ከኪሳቸው ቆሎ ቆንጥረው መዳፌ ላይ አስቀመጡ። እኔ በመስኮት የማሽላውን ማሳ አያለሁ፤ ከዞብል ተራራ በኩል ግመሎች ተከታትለው ይመጣሉ። ዛሬ ያልጋበዙኝ ግመሎቹ ብቻ ናቸው።

ዋጃ ስወርድ ዘሀራ መንገድ ዳር ቆማ ትጠብቀኛለች።

«እትዬ! ርቧቸው መናኸሪያ ቆመው ነበር፣ አሁን ወደ ዋጃ ተሳፍረዋል ብለው ደወሉልኝ እኮ! ነፍሴ ልትወጣ!»

«ኔትወርክ የለም አይደል እንዴ?»

«ለወሬ አለ።»

ቤቷ አስገባችኝና ቁጭ ሳልል ጠየቅኋት። «ዘሀራ፣ ግሮውክ የሚባል ግስ ታውቂያለሽ?»

«አውቀዋለሁ። ቲቸር ናቸው ያስተማሩን።»

ጠጋ አልኳት። «መነሻውስ?»

ፈገግ አለች። ያችው ፈገግታ ናት። በሌላ ሰው ፊት ላይ ትተርፋለች ብዬ አስቤ አላውቅም።

«እሱን ከምሳ በኋላ እነግርዎታለሁ።»

እኔ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሽሮውን፣ ድመቷን፣ በረንዳውን፣ ለምን ምሳ እንደማልበላ። ዘሀራ የእጅ ማስታጠቢያውን ይዛ ከፊቴ እንደቆመች ሰማችኝ። እንባዋ ወርዷል፤ ውሃውን ግን አላስቀመጠችም።

«እንግዲያው እጅዎን ያምጡ» አለች። «ካልበሉ አልነግርዎትም። ቲቸር ቢሆኑ ይነግሩኝ ነበር?»

አይነግራትም ነበር። እጄን ሰጠሁ፤ አስታጠበችኝ። ትሪው ቀረበ፤ ከቆቦ ይዤው የመጣሁት ሽሮም ሞቆ አብሮ ቀረበ። የመጀመሪያዋ ጉርሻ ጉሮሮዬ ላይ ቆማ ትንሽ ተከራከረችኝ፣ ከዚያ ወረደች። ሁለተኛዋ አልተከራከረችም። ጨው ትንሽ አንሶታል፤ ምንም አላልኩም። በላሁ። እጃችንን ታጠብን። ዘሀራ ቀና ብላ ተቀመጠች።

«የስኮትላንድ ሰዎች ቃል ነው። ውሻ ወይም ልጅ ማዕድ ዳር ሆኖ ሲያይ የሚሉት።»

«ከዚያ በፊትስ? ከየት መጣ?»

«አይታወቅም።»

«ምኑ?»

«መነሻው። መጽሐፉም መነሻው አልታወቀም ብሎ ነው የሚዘጋው።»

«ታዲያ ቲቸር ከምሳ በኋላ ሊነግረኝ የነበረው ምንድን ነው?»

«አይታወቅም ብለው ሊነግሩዎት ነዋ፣ እትዬ! እኛንም እንደዚሁ ነበር የሚያደርጉን። በዚያ ሙቀት ከምሳ በኋላ ማን ክፍል ይመለሳል? ግማሹ ሆርማት ወንዝ ወርዷል፣ ግማሹ ተኝቷል። ቲቸር ጠዋት አንድ ቃል ሰሌዳ ላይ ይጽፉና ‹መነሻውን ከምሳ በኋላ› ብለው ይወጣሉ። እኛ ማወቅ አላስችለን ብሎ በፀሐይ ሮጠን እንመለሳለን። አንዳንዱን ይነግሩናል። አንዳንዱን ደግሞ ‹አይታወቅም› ይሉናል። ስንጮህባቸው ‹መጣችሁ አይደል? በሉ ደብተር አውጡ› ይላሉ።»

አየኋት። ያን ሁሉ ጊዜ ባዶ ሆዴን የጠበቅሁት፣ በመናኸሪያ የተዋረድኩለት፣ ፌስታል የተሸከምኩለት ነገር «አይታወቅም» ነው። ሳቄ መጣ። ስቄ ስቄ ዘሀራ ደንግጣ ጀርባዬን መምታት ጀመረች። መሃል ላይ ለቅሶውም መጣ፤ ሁለቱ ተራ አልጠበቁም። እኔ በረንዳዬ ላይ ነበርኩ፤ የትም አልሄድኩም ነበር። ያን ቀን ከምሳ በኋላ ያልተመለሰው ተማሪ አይደለም፣ መምህሩ ነው።

ወደ ቆቦ ስመለስ ግቢዬ ውስጥ ወርቄና ሌሎች ጎረቤቶች ተሰብስበው አገኘኋቸው። ጤፍ የያዘ አለ፣ ዘይት የያዘ አለ። «የተራበ ሰው ለእኛ ሳይነግር መናኸሪያ ይሄዳል?» ብላ ወርቄ ተቆጣችኝ። ግሱን ከነትርጉሙ አስረዳኋት። በጥሞና ሰማችኝና «ቆሞ እስኪያይ ድረስ ዝም ይሉታል? ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?» አለችኝ። መነሻውን አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ምን እንደምላት አውቅ ነበር።

ከተማው እስካሁን ርቦኝ እንደነበር ነው የሚያምነው። ያ ባጃጅ ነጂም ባየኝ ቁጥር «ዕቃዋ ተገኘች?» ይለኛል። ተገኘች እለዋለሁ። ድመቷም ወፍራም እንደሆነች አለች፤ አሁን ግን እያየች እንድትቆይ አላደርጋትም።

እኩለ ቀን ሲሆን በሩን እከፍትና በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ፣ ለሚያልፈው ሰው «እንብላ» እያልኩ ምሳዬን እበላለሁ።